ሚስማር ላይ የቀረ መነጽር

ሂርማታ ገበያ፣ ከቆርቆሮው ተራ፣
በርጩማ እየጠረብኩ ሃያ ዓመት ስሠራ፣
መሮዬ ካባቴ፣ መዶሻው ካያቴ፣
ዋንዛ ነው እንጀራዬ፣ ፍቅፋቂው ነው ቤቴ።

ባለፈው ክረምት ላይ፣ አዌቱ ሲሞላ፣
«መሮውን ተወው፣ ዘመኑ ነው ሌላ»
ብሎ ወንድሜ ላከ፣ በካርቶን አሽጎ፣
ብርሃን የሚያሾል ማሽን፣ እንደ ወስፌ አድርጎ።

ሰማያዊ ነጥብ ናት፣ ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ።
ጭስ እያስከተለች ዋንዛው ላይ ትሄዳለች፣
ስም ትጽፋለች፤
የሙሽራ፣ የዕድር፣ የሆቴል።
መሮ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን
ሬዲዮው ዜናውን ሳይጨርስ ትጨርሳለች።

ካርቶኑ ውስጥ መነጽርም ነበረ።
ለማሳመሪያ የጨመሩት መስሎኝ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።
ልጄ ኢፍቱ አንዳንዴ አውርዳ ታጠልቀዋለች፣
«አባ፣ ጅማ በሙሉ ብርቱካን ሆነች!»
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስሟ በኦሮምኛ ከብርሃን ይወለዳል።
ይህን ያሰብኩት ኋላ ነው።

መጀመሪያ የነካኝ እጄን ነው።
እንጨቱን ላቃና ጣቴን ሰደድኩ፣ ነጥቧ ቀደመችኝ።
ቆዳዬ ሸተተ። ጮህኩ፤ ተለማማጄ ቶፊቅም ጮኸ፤
ልብስ ሰፊው ሸምሱ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ።
ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ፣ ተላጠ፣
በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠባሳ ሆኖ ተኛ።

ቆዳ ሲበደል ጎረቤት ይጠራል፣
ቁስሉን ባደባባይ ዘርዝሮ ያወራል።
ዓይን ግን ጨዋ ነው፤ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ
የመጣውን ብርሃን ያስገባል አዝሎ፣
እስከ ጓዳው ድረስ።

የነሐስ ሰሌዳ ነበር፣ በአመድ አሽቼ
ፊቴን እስካይበት ድረስ የወለወልኩት።
ነጥቧ ወረደች። ነሐሱ አልጠጣትም፣
መለሳት።
ብልጭ። ከጥቅሻ የፈጠነ።
አላመመኝም። ወላሂ አላመመኝም።
ሰሌዳውን በእጄ ጨረስኩ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ።

ማታ ባጃጅ ውስጥ ግራ ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ሳሸው
የሾፌሩ ፊት ከመስታወቱ ላይ ጠፋ።
ጆሮዎቹ አሉ። ኮፍያው አለ።
መሃሉን ነቀዝ የበላው።

ሆስፒታል፣ ዶክተር ትርሲት የቀኝ ዓይኔን ጓዳ
በኮምፒውተር አሳየችኝ፤
ቀይ ሜዳ ነው፣ ደም ሥሮቹ የክረምት ጅረት ይመስላሉ፣
መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ፣
የጤፍ ቅንጣት የምታክል።
አወቅኋት።

«ልጅ ሆነህ» አለችኝ «በማጉያ መስታወት
ፀሐይ ሰብስበህ ወረቀት አላቃጠልክም?
ዓይንህ ያንን መስታወት ይዞ ነው የተፈጠረ።
የገባለትን ብርሃን መቶ ሺህ እጥፍ አጥብቆ
አጥርቶ በሚያይበት ቦታ ላይ ያሳርፈዋል።
እዚያ ደግሞ ‹አመመኝ› የሚል የለም።»
«ይሽራል?» አልኳት።
«የእጅህ ሽሯል» አለች፤
ከዚያ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች።

ማሽኑን አሁን ቶፊቅ ይዞታል፤ ገበያ አይጠብቅም።
ጠዋት ጠዋት መነጽሩን ከሚስማሩ አውርጄ
እኔ ነኝ የማጠልቅለት።
«ጋሼ፣ ያልበኛል» ይላል።
«ይላብህ» እላለሁ።
እኔ ወደ መሮዬ ተመልሻለሁ፤
የበርጩማውን ዳር በዓይኔ፣ መሃሉን በአውራ ጣቴ።

ማታ ኢፍቱ ከፊቴ ትቆምና
ደህናውን ዓይኔን በመዳፏ ትከድናለች፤
«ስንት ጣት?»
በቀጥታ ሳያት ሹሩባ አለ፣ ጉትቻ አለ፣
ልጅ የለችም።
ስለዚህ ዘወር እላለሁ፣ በሩን የማይ መስዬ፤
ያኔ ፊቷ ቀስ ብሎ ከዳር ይመጣል፣
ጥርሷ ወልቆ፣ እየሳቀች።
«ሦስት» እላለሁ።

አንዳንዴ ልክ ነኝ።